ባዶ የሚመለሰው ቅል

ቆሎውን አዙሩት፤ ኩራዙን አጥፉት። ጠፋ? እንግዲህ ስሙ።

ጊዜው ድሮ ነው፤ ሰዓቱ እንዲህ ዓይን ቢወጉ የማይታይበት። መንገዱ ከመንደር ወደ ገደል የሚወጣ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ። ሰውየው? ጥጋቡ ይባላል።

በገደሉ ወገብ ላይ ዋሻዎች ነበሩ። የፈለፈሏቸው ክርስትና ሳይገባ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ለሙታኖቻቸው። በኋላ መነኮሳት መጡ፣ በየደጁ መስቀል ቀረጹ፣ በሙታኑ የድንጋይ አልጋ ላይ ተኙ። እናንተ ትተኛላችሁ? እነሱ ተኙ።

ከእነሱ አንዱ፣ አባ ዘወንጌል፣ ደጃቸውን በድንጋይ አስደፈኑ። የቀረችው አንዲት ቀዳዳ ናት። ጥጋቡ በየምሽቱ የራሰ ሽምብራ በቅል አምጥቶ ቀዳዳዋ ላይ ያኖራል፣ የትናንቱን ባዶ ቅል ይዞ ይወርዳል። ቅሉ ሦስት ቀን ሳይነካ ከተገኘ አባ አርፈዋል ማለት ነው፤ ደጁ ተከፍቶ፣ ጸሎተ ፍትሐት ተደርጎላቸው ይቀበራሉ። ደንቡ ይኸው ነው።

አንድ ምሽት የትናንቱ ቅል እንደሞላ ነው። ጥጋቡ ምን አለ? «ጾም ጨምረው ነው።» ሽምብራውስ? በላው! በማግስቱም በላው። ዓመት በላ።

«አባ እንዴት ናቸው?» ይላል መንደሩ።

«ኧረ ይበላሉ!» ይላል ጥጋቡ፣ አፉን እየጠረገ።

ስንዱ፣ አትሳቂ። አሁን ነው ጉዱ።

ነፋስ የለም። ወፍ የለም። ጥጋቡ ቀዳዳዋ ሥር ቁጭ ብሎ ይበላል። ቁርጥም። ቆም አለ። ከውስጥም፣ ቁርጥም። የገደል ማሚቶ ነው አለ። ማሚቶ ግን ያስላል? አሳለ። ከዚያ አምስት ጣት ወጣና እጁ ላይ አረፈ፤ እንደ ወንዝ ድንጋይ የቀዘቀዘ።

«ጥጋቡ ልጄ።»

«አ... አቤት! ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ጣፈጠህ?»

«ጾም የጨመሩ መስሎኝ...»

«ጨምሬአለሁ እንጂ! ሞቻለሁ እኮ! ቅሌ ባዶ እየወረደ ማን ይቅበረኝ? እነዚህ የጥንቶቹ ሌሊቱን ሙሉ ‹ከአልጋችን ውረድ› እያሉ ይነዘንዙኛል።»

«ምን ላድርግ፣ አባ?»

«ሦስት ቀን አትብላብኝ።»

ሦስት ቀን! ለጥጋቡ! በመጀመሪያው ቀን ሙሉውን ቅል ይዞ ወረደ። በሁለተኛው መንገድ ላይ እጁን ሰደደ፤ ከኋላው ሳል ሰማ፤ እጁን መለሰ። በሦስተኛው ቅሉን የመንደሩ ቄስ ፊት አስቀምጦ ተንበረከከና ሁሉንም ተናገረ። ደጁ ተከፈተ። አባ በድንጋዩ አልጋ ጠርዝ ላይ ጥግ ይዘው፣ ቦታ እንደለቀቀ እንግዳ፣ ደርቀው ተገኙ። ተፈቱ፣ ተቀበሩ።

ጥጋቡ ከዚያ ወዲያ በዚያ መንገድ ብቻውን አልሄደም። ብቻውንም አልበላም። እናንተም በጨለማ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ከሁሉ በላይ የሰው ድርሻ ይዛችሁ አትሂዱ።

ለመሆኑ ቆሎው የት ደረሰ? ስንዱ፣ አንቺ ጋ ነው? አይደለም? እናንተስ ጋ? የማንም አፍ አይንቀሳቀስም?

ዝም በሉ እስቲ።

ታዲያ ከኋላዬ የሚቆረጥመው ማነው?