ያልተመለሱት ንቦች

ጉምዛ በቀትር ታየ። የጉማሬ አፍና የአጋዘን እግር ያለው ይህ አውሬ ከምሽት በፊት ከዋሻው ወጥቶ አያውቅም ነበር። አሁን ግን የጎን አጥንቱ እየተቆጠረ፣ ቀንም ሌትም ሳያርፍ በዘርማና ጎዳናዎች ይሮጥ፣ ያሸት፣ የሚበላ አጥቶ ይመለስ ጀመር። ከተማይቱ ግን ሞልታ ግንቦቿ ያቃስቱ ነበር።

የዘርማና ሕግ አንድ ነው፦ የተሠራ አይነካም። የጠበበ ማሰሮ አይሰፋም፤ ከእርሱ ሌላ ሰፊ ማሰሮ ይወለዳል። የደነዘ ጦር አይሳልም፤ ከእርሱ ሌላ ስለታም ጦር ይወጣል። ከተሠራ ነገር ሁሉ የብርሃን ክር ይወጣል፤ አሮጌው የሚቀረው ያን ክር የያዘ እጅ ካለ ብቻ ነው። ክሩ የተለቀቀውን ጉምዛ ይውጠዋል። አገሩ እንዲህ ሲታደስ ኖረ። አሁን ግን አንድ ያልታወቀ እጅ እየያዘ አልለቅ ብሏል።

ንጉሥ ዛርዳን በመጀመሪያ ሁሉንም ሊመረምር ሞከረ። ወታደሮች በየበሩ ቆመው የእያንዳንዱን ዕቃ ምንጭ ጠየቁ። ዳቦ ገና ከምድጃ ሳይወጣ ማን እንዳዘዘው ይጣራ ነበር። ገበያው ቆመ፤ ልጆች ተራቡ፤ ግንቡም መሰንጠቁን አልተወም። በመጨረሻ ንጉሡ በአደባባይ ፈረደ።

«ከሁሉ አብልጦ የሚሠራው የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነው! እንግዲህ ነገ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መለከት ይነፋ፤ ሰፈሩም ከነምድጃው ይፍረስ! ዘርማና በእነርሱ ጭቃ ታፍና አትሞትም!»

ከሕዝቡ መካከል አንዲት ወጣት ወጣች። ትርሲት ትባላለች፤ በዚያው ሰፈር ከእናቷ ጋር ንብ ታረባለች። ሰው ፊት ስትቆም ጣቶቿ አያርፉም።

«ንጉሥ ሆይ፣» አለች፤ ድምፅዋ ከንቦቿ አይበልጥም ነበር፤ «ወጥ የሚቀምስ ሰው ድስቱን አይጨርስም። ንቦቼን እንድለቅ ይፍቀዱልኝ። በእናቴ ጡት እምላለሁ፤ የማይለቀውን እጅ አገኘዋለሁ። ካላገኘሁት ከሰፈሬ ፍርስራሽ ሥር ልቅር!»

ንጉሡ ፈገግ አለ፤ መሐላ ግን በዘርማና አይናቅም። ጎንጤ የተባለ ሽማግሌ ወታደር ጠባቂ አድርጎ ሰጣት።

«ንብ በመቁጠር ከተማ የሚድን ከሆነማ፣» አለ ጎንጤ ቀፎውን ተሸክሞ፣ «እኔ በዘመቻ የቆጠርኩት ቅማል ባነገሠኝ ነበር!»

«ጋሼ፣ ቀፎውን አያዘንብሉት።»

«ደግሞ ታዛለች! ቁርጥ አባቷን!»

ጎንጤ ከአባቷ ጋር የዘመተ ሰው ነው። ትርሲት ግን አባቷን አታውቀውም፤ ሲሞት እርሷ ገና በእናቷ ሆድ ነበረች።

የእነዚህ ንቦች ጠባይ ልዩ ነው። ንቧ አዲስ በተሠራ ነገር ላይ እንዳጋጣሚ ታርፋለች፤ ትልቁ ነገር ከትንሹ ይልቅ እርሷን የማግኘት ዕድል አለው። ያረፈችበት ነገር አንደበት ያገኛል። እስኪዋጥ ድረስም ከላዩ አትነሣም፤ ሲዋጥ ወደ ቀፎዋ ትመለሳለች።

«በየመንደሩ በተራ ብንልካቸው አይሻልም?» አለ ጎንጤ።

«በተራ ከላክኋቸው ተራውን ጠብቆ የሚሠራ ያመልጠኛል። ወዴት እንደሚሄዱ ማንም አለማወቁ ነው ጥቅማቸው።»

ቀፎውን ከፈተች። ንቦቹ ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ጭስ ጎረፉ። ትርሲት ፊቷ አመድ መሰለ።

«ንጉሡ ልክ ነበሩ ማለት ነው እንግዲህ፣» አለ ሽማግሌው፣ በቀስታ።

«ማረፋቸውን አይዩ። መመለሳቸውን እንጠብቅ።»

እስከ ማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተቀምጣ፣ ተነሥታ፣ ደግሞ ተቀምጣ ጠበቀች። ወደ ሰፈሯ የሄዱት አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ሸክላ ሠሪዎቹ ብዙ ይሠራሉ፣ የሠሩትንም ቶሎ ይለቃሉ። ወደ ሰሜኑ ማማ ያቀኑት ጥቂት ንቦች ግን አልመጡም። ትርሲት ዘላ ተነሣች።

«እዚያ ነው!»

የማማው ደረጃ በክር ታጥሮ ነበር፤ ክሩ ከመወጠሩ የተነሣ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ጎንጤ በጋሻው እየገፋ፣ ክንዱ እየደማ አሳለፋት። ጉምዛም ከኋላቸው እያለከለከ ወጣ። ከላይ ባለው አዳራሽ የጭቃ ወታደሮች ተሰልፈዋል፤ ከሰልፍ ኋላ ሰልፍ፣ ዓይን እስከማይደርስበት ጨለማ ድረስ። በፊተኛው ሰልፍ ከቆሙት ባንዱ ትከሻ ላይ ንብ አርፋለች።

«ማን ሠራህ?» አለች ትርሲት።

«የማማው ጭቃ።»

«ጭቃውን ማን አዘዘው?»

«የንጋት ሰላምታ።»

«ሰላምታውን የሚሰጠው ማን ነው?»

«ጎንጤ።»

ሽማግሌው ጋሻውን ጣለ። እጅጌውን ሲሰበስብ በአንጓው ላይ የተጠመጠመ ክር አበራ።

«ጓዶቼ ናቸው፣» አለ። «ሁሉም በዘመቻ ካለቁ በኋላ ምስላቸውን እዚህ በጭቃ አቁሜ እንዳልለቃቸው ማልኩ። በየንጋቱ ወደዚህ ማማ ዞሬ ሰላምታ እሰጣለሁ። እነርሱን ብቻ የያዝኩ መስሎኝ ነበር… ለካስ በየንጋቱ ከትናንቱ ሰልፍ አዲስ ሰልፍ ይወለዳል፤ አዲሱም የትናንቱን ይዞ ይቀራል!»

ትርሲት ወደ ሰልፉ ቀረበች። ከፊተኛው ሰልፍ አንዱን ታይ ነበር፤ የራሷ ቅንድብ ያለውን።

«አባትሽ ነው፣» አለ ጎንጤ። «ክሩ ከተለቀቀ ፊታቸው ከሰው ሁሉ ልብ ይጠረጋል። ከእኔም፣ ከአንቺም፣ ከእናትሽም። አንዱን ላስቀር ብል ደግሞ የኋላው ሁሉ አብሮት ይቀራል።»

ከታች መለከቱ ተነፋ። ወዲያውም የመጀመሪያው ምድጃ ሲፈርስ ተሰማ። ትርሲት የጭቃውን ጉንጭ ዳሰሰች። አገጩ ላይ ትንሽ ጠባሳ ነበረች፤ ማንም ነግሯት አያውቅም።

«ይልቀቁት፣ ጋሼ።»

«ወታደር ነኝ፤ ምያለሁ። ያለ ትእዛዝ እጄ አይታዘዘኝም።»

ጣቶቿ ጸጥ አሉ። ቀጥ ብላ ቆመች።

«ወታደር ጎንጤ! በዘርማና ስም አዝዤሃለሁ፤ ልቀቅ!»

ጎንጤ ለመጨረሻ ጊዜ ሰላምታ ሰጠና ክሩን ከአንጓው ፈታ። ጉምዛ እንደ ጎርፍ አለፈ። ሰልፎቹ ከኋላ ወደ ፊት እየተናዱ ሄዱ፤ በመጨረሻም ንቦቹ ከአቧራው ተነሥተው በመስኮቱ ወጡ። ከተማይቱ በረጅሙ ተነፈሰች። ግንቡ ማቃሰቱን ተወ፤ መለከቱም በመሃል ተቋረጠ።

ሰፈሩ በእልልታ ተቀበላት። ንጉሡ ራሱ ወርዶ ከፍርስራሹ ላይ ጡብ አነሣ። ትርሲት ግን በሕዝቡ መካከል ተሹለክልካ ወደ ቤቷ ሮጠች። እናቷ ሣጥኑን ገልብጣ፣ ትራሱን አንሥታ፣ ከአልጋው ሥር ገብታ ታስሳለች።

«ምን ጠፋብሽ፣ እማ?»

«እንጃ ልጄ። መለከቱ ሲቋረጥ አንድ ነገር የጠፋኝ መሰለኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አልመጣልሽ አለኝ።»

ትርሲት አፏን ከፈተች። ልትነግራት የነበረውን ፊት በልቧ ፈለገች፤ አጣችው። ተንበርክካ ከእናቷ ጋር መፈለግ ጀመረች።