የዝናብ ጠሪዎቹ ወፎች አፀድ

ዝናብ ጠሪዎቹ ወፎች ከሰንደራ ምድር ከተሰደዱ ሦስት ዓመት ሞላ። ማደሪያቸው የነበረው ጥንታዊ ደን በእሳት ጋይቶ ነበርና ሰማዩ ናስ ሆነ፤ ወንዙም ነጠፈ። እሳቱን ለኮሰ ተብሎ የተፈረደበት አትክልተኛው አርሻም በግዞት ሞተ።

የለኮሰው ግን ወጣቱ የጦር አለቃ ዳንሳር ነበር። ለአደን ወጥቶ፣ ነብር ከጥሻው አስወጣለሁ ብሎ ችቦ ወረወረ። አርሻም በሸንጎ ቆሞ ሲምል ሲገዘት፣ ዳንሳር መሬት መሬቱን እያየ ዝም አለ።

ንጉሡ ዳንሳርን አስጠርተው፣ «የደኑ ዘር ያለው በጉምራ ተራራ፣ በዘንዶው ዋሻ ነው። ሂድና አምጣ!» አሉት። የአርሻም ልጅ ሚልካትም፣ «ዘሩን ለይቼ የማውቅ እኔ ነኝ» ብላ ተከተለችው። በረሃውን አቋረጡ፤ ባለክንፍ ጅቦችን ተዋጉ። የመጨረሻዋን ጉንጭ ውሃ ለእሱ ተወችለት፤ እሱም ጠጣት።

ጉምራ ሲደርሱ ዘንዶው ከዋሻው ብቅ ብሎ፣ «ዘሩን ውሰዱ። በምትኩ ደኑን ያቃጠለውን እጅ እወስዳለሁ» አለ።

ሚልካት ራመድ አለች። «አባቴ አቃጠለው ይላሉ፤ እሱ ሞቷል። ሥጋው እኔ ነኝና የእኔን ውሰድ!» ብላ ቀኝ እጇን ዘረጋች።

ዳንሳር ወዲያው አልተናገረም። ዘንዶው አፉን እስኪከፍት ድረስ ዝም አለ። ከበደሉ ሁሉ ዕድሜ ልኩን ያንገበገበው ያ ዝምታ ነው።

«ተዋት! ያቃጠልሁት እኔ ነኝ!» ብሎ በመጨረሻ እጁን ከዘንዶው ጥርስ ከተተ።

ዘንዶው ቀኝ እጁን ወሰደ፤ ሚልካትም ዘሩን ለይታ ያዘችና ቁስሉን በመቀነቷ አሰረችለት። እስከ ሰንደራ በር ድረስ ግን ዘሩን ታቅፋ ከፊቱ ራቅ ብላ ሄደች።

በበሩ ሕዝቡ በእልልታ ሲቀበለው፣ ጀግናው በአፈር ላይ ተንበረከከ። «አታሞግሱኝ! ደኑን ያጠፋሁ፣ ንጹሑን አርሻምን በግዞት ለሞት ያበቃሁ እኔ ነኝ።» እልልታው ቀጥ አለ። ንጉሡም ሰይፉን አስፈትተው፣ ወፎቹ እስኪመለሱ ድረስ በዘሩ የሚተከለው አፀድ አገልጋይ እንዲሆን ፈረዱበት።

በሚልካት አዛዥነት ዋንዛ፣ ሾላና ዶቅማ በተቃጠለው ምድር ላይ ተተከለ፤ ለወፎቹም ኩሬ ተቆፈረ። በሰባተኛው ዓመት የዶቅማው ፍሬ በስሎ ሲጠቁር፣ ዝናብ ጠሪዎቹ እንደ ደመና ከአድማስ መጡና ዛፎቹን ሞሉ። በማግሥቱ ዘነበ።

ዳንሳር በዝናቡ ውስጥ ቆሞ፣ «ፍርዴ አበቃ፤ ይቅር በይኝና ልሂድ» አላት።

«ይቅር የሚልህ አባቴ ነበር፤ እሱ የለም» አለችው። ከዚያም በእጇ ወደ ታች አመለከተችው። «ታች ያሉትን ችግኞች አረም ዋጣቸው። በግራ እጅህም ቢሆን ንቀል።»

ዳንሳር ጎንበስ አለ።