ያን ዓርብ በቤልሰን

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1945 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር አንድ ዓርብ፥ በጀርመን አገር በቤልሰን የእስረኞች ሰፈር ዙሪያ ባለው የጥድ ጫካ ብርቱ ነፋስ ይነፍስ ነበር፤ ሽታውን ግን አልወሰደውም። የእንግሊዝ ጦር ሰፈሩን ከያዘ ሳምንት አልሞላም፤ የሽቦው በር ተከፍቷል፤ ሰው ግን መሞቱን አላቆመም። ትናንት ገዳይ የነበሩት የናዚ ኤስኤስ ጠባቂዎች ዛሬ በጠመንጃ እየተነዱ ሬሳ ወደ ትልቁ ጉድጓድ ያግዛሉ።

የዲቮራ ታናሽ እህት ሚንድላ በዚያው ጧት ዐረፈች። እናታቸው በፖላንድ በታርኖቭ ከተማ የሞቱ አይሁድ ሴቶችን አጥበው ከሚገንዙት የማኅበር ሴቶች አንዷ ነበሩ፤ ዲቮራም ሥርዐቱን ከእሳቸው ተምራለች።

ሁለት ጠባቂዎች ሬሳውን ሊያነሡ ሲመጡ፥ ዲቮራ ከእንጨት ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች፤ ለመቆም አቅም አልነበራትም።

«እህቴን እነዚህ አይነኳትም» አለች።

አጃቢያቸው አስር አለቃ ፐርልማን የለንደን አይሁዳዊ ነበርና በአይሁዶቹ ቋንቋ በይዲሽ መለሰላት።

«እሜቴ፥ ተስቦው ሰዉን እየፈጀው ነው። ሌላ ማን ይሸከማታል?»

«እኔ።»

«እርስዎ ራስዎ ተሸካሚ ያስፈልግዎታል እኮ!»

«እሷን ላድርስና ከዚያ ትሸከመኛለህ።»

ከውስጥ የተኛችው ጎረቤቷ ፍሩሜት ሳቀች። «አንተ ልጅ፥ ተዋት። ክረምቱን ሙሉ ተከራክሬያት አንድ ቀን አልረታኋትም።»

አስር አለቃው ፀሐይዋን አየ፤ ጀንበር ስትጠልቅ የአይሁድ ሰንበት ይገባል፤ በሰንበት ደግሞ አይቀበርም። ጠባቂዎቹን ገለል አደረጋቸው፤ ሄዶም አንድ ባልዲ ውሃና ከጠባቂዎቹ መኖሪያ ያገኘውን ነጭ አንሶላ ይዞ ተመለሰ።

ፍሩሜት ከተኛችበት ተነሥታ አንሶላውን አይታ ፊቷ ጠቆረ። «በነሱ ጨርቅ ልትገንዣት ነው?»

«የነሱ ከየት መጣ? ከኛ ቤት የዘረፉት ነው። ይልቅ ያንን ጫፍ ያዢልኝ፤ እንደ ሥርዐቱ ማሰሪያው ቋጠሮ እንዳይኖረው።»

አጠቧት፤ ገነዟት። ከዚያ ዲቮራ እንደ እናቷ ጎንበስ ብላ፥ «ሚንድላ የናፍታሊ ልጅ፥ ያጎደልንብሽ ቢኖር ይቅር በይን» አለች።

«አንዱን ጫፍ ልያዝላችሁ?» አለ አስር አለቃው።

«እጅህን ታጠብና ያዝ።»

ሦስቱም ሬሳውን ይዘው እያረፉ ሄዱ። ከጉድጓዱ አፋፍ ሲደርሱ የዲቮራ ጉልበት ከዳት፤ በአጠገቡ የቆመ ጠባቂ ሬሳውን ሊደግፍ እጁን ዘረጋ።

«ወደ ኋላ!» አለችው በጀርመንኛ፤ እሱ ራሱ ጧት ማታ ይጮኽባት በነበረው ቃል።

ጠባቂው ወደ ኋላ አለ። ዲቮራ በጉልበቷ ተንበርክካ እህቷን በገዛ እጇ አወረደቻት።

የዚያ ሰሞን ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል፤ ጉድጓዱም ጠባቂዎቹም በፎቶግራፉ አሉ። በስፍራው የቆመው ድንጋይ የሙታኑን ብዛት ይናገራል፤ ስማቸውን አይናገርም፤ ሚንድላም ከዚያ ብዛት ውስጥ ናት። ዲቮራ ከታሪክ የጠየቀችው ነገር አልነበረም፤ ያን ዓርብ የጠየቀችው አንድ ነገር ነበር፤ እሱንም ጀንበር ሳትጠልቅ ፈጽማዋለች።