የሚስባህ አውራ ጣት

መጀመሪያ የተሰማው የዶማ ድምፅ ነው። ዷ... ዷ... ብረት ድንጋይ ሲመታ። ኢንስፔክተር ወርቅነሽን ከወልድያ ያመጣት ፒካፕ መርሳ ላይ ሳይቆም ነገሩ ገባት፤ ቀብር እየተቆፈረ ነው። ጀናዛው ከታጠበ ሟቹ ሊነግራት የሚችለውም አብሮ ይታጠባል።

ሟቹ ሚስባህ ጣሪያ ባልለበሰው የሐጂ አብዱልጀሊል ቤት ግድግዳ ሥር፣ ሰሌን ተሸፍኖ ተጋድሟል። አጣቢዎቹ ጀሪካን ይዘው ቆመዋል።

«ትንሽ ታገሱኝ» አለቻቸው።

«ከመሰላል ወድቆ ነው፤ አላህ ይዘንለት» አሉ ሐጂው። «ትላንት ከጁምዓ በኋላ ጭቃ አቡክቶ መምረግ ጀመረ። ጥበቃም ስለሆነ እዚሁ ያድራል። ጧት ስመጣ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«ከትላንት በፊትስ አልሠራም?»

«በምን ይሥራ ልጄ? ጭዱ የደረሰው ጁምዓ ጧት!»

ወርቅነሽ ሰሌኑን ገለጠች። ማጅራቱ ተፈንክቷል፤ መሰላሉ ግን ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ነው። እጆቹ እስከ ክርናቸው ጭቃ ከነጭዱ ደርቆባቸዋል። አውራ ጣቱን አገላብጣ አየች።

ይሄኔ ዓሪፍ መጣ፤ የቀበሌው የሴፍቲኔት እርዳታ ኮሚቴ ጸሐፊ። ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ወረቀት ዘረጋላት።

«ይቺን ይያዙልኝ ኢንስፔክተር። ኋላ ሰው እንዳያማን።»

ወረቀቱ «ይግባኜን ትቻለሁ» ይላል። ቀኑ ሐሙስ፣ ከሥሩ ወይን ጠጅ አሻራ። ሬሳ ሳይቀበር ወረቀት ይዞ መሮጡን ልብ ብላ ወረቀቱን ተቀበለችው።

«ውሸት! ወላሂ ውሸት!» አለች የሟቹ ሚስት ቡርቱካን። «መጋዘኑ ከሥራ ካሰናበተው፣ ይሄን የቀን ሥራ እስኪያገኝ ሁለት ወር ቤት ዋለ። ሴፍቲኔት መዝግቡኝ ቢል ‹ሥራ አለህ› ብለው ሰረዙት። ይግባኙ ሰኞ ነው። ሦስት ልጅ ይዞ እንዴት ይተዋል?»

«ምን ላርግሽ? ሐሙስ ቢሮ መጣ፣ እኔው አስፈረምኩት።»

«የአሻራ ቀለሙ ማን ጋ ነው?» አለች ወርቅነሽ።

«ከመሳቢያዬ ወጥቶ አያውቅም። ቁልፉም እኔው ጋ ነው።»

ቁልፉን ተቀብላ፣ ለቅሶ የመጣውን የኮሚቴውን ሰብሳቢ አማንን ቀለሙንና መዝገቡን እንዲያመጣ ላከችው። እሱ ሲመለስ ዶማው ቆሟል። ሁሉንም በጀናዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ቡርቱካን፣ ሚስባህን የመግሪብ ሶላት አምልጦት ያውቃል?»

«አንድ ቀን! አንድ ቀን አምልጦት አያውቅም።»

«ለሶላቱ ታጥቦ ውዱእ ሳያደርግ ጭቃው እጁ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ የሞተው ትላንት ከመግሪብ በፊት ነው። አሁን አውራ ጣቱን እዩ። ቀለሙ ከደረቀው ጭቃ በላይ ነው። ጭቃ የሚያቦካ ሰው እጅ ደግሞ አይደርቅም። ጣቱ የተነከረው ከሞተ በኋላ ነው።»

«ጭቃ የትም አለ!» አለ ዓሪፍ።

ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አነሳችው። አሻራው መሃል ስንጥር ጭድ ተጣብቋል። የቀለሙን ክዳን ከፈተች፤ ውስጡ የጭቃ ፍርፋሪና ጭድ።

«ጭዱ የደረሰው ጁምዓ ጧት ነው፤ ወረቀትህ ግን ሐሙስ ይላል። ቀለሙ ከመሳቢያዬ አልወጣም ያልከውም አንተ ነህ። አማን፣ ሴፍቲኔቱ ላይ በሚስባህ ቦታ የገባው ማን ነው?»

አማን መዝገቡን ገልጦ አንገቱን ደፋ። «የዓሪፍ ወንድም።»

«ሳውዲ ያለው?» ሐጂው ጮኹ።

«ሳላነብ ነው የፈረምኩት» አለ አማን።

ዓሪፍ ስንጥሩን ጣለ። «ለመንኩት እኮ! ይግባኝህን ተውልኝ ብዬ ለመንኩት! አካፋውን ላስፈራራው ነበር ያነሳሁት...»

«ከዚያስ?»

«ቀለሙን ላመጣ ሄድኩ።»

«አንተ ደርሰህ እስክትመለስ ጭቃው ደረቀ።» ወርቅነሽ ዓሪፍን ባትነካውም እጇን በመሀረብ ጠረገች። አብረዋት የመጡት ፖሊሶች ወሰዱት።

አጣቢዎቹ ውኃ ማፍሰስ ጀመሩ። አማን ጎሮሮውን ጠራረገና ቅጽ ከነአዲስ የአሻራ ቀለም ከቦርሳው አወጣ።

«እቴ ቡርቱካን፣ ይግባኙ በስምሽ ይቀጥላል። ሰኞ ይታያል። እዚችጋ ብቻ ጣትሽን...»

ቡርቱካን ቀለሙን አየች። ከሰሌኑ ሥር የሚወርደውን ወይን ጠጅ ውኃ አየች። ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ወደ በሩ ሄደች።

«ቡርቱካን! ጣትሽን ብቻ እኮ ነው!»

አልዞረችም።