ሲራጅ የደረሳቸው ለቅሶዎች

ሲራጅ ሙሄ ማይክሮስኮፑ ላይ እንደተደፋ የተገኘው በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ኅዳር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር።

ቦታው ከምኒልክ አደባባይ ቁልቁል ሲወረድ የሚገኝ ባለ እንጨት በረንዳ አሮጌ ቤት ነው። መንግሥት ከወረሰው ወዲህ የትኩሳት ጥናት ጣቢያ ሆኗል። እዚያ የሚጠናው በቅማል የሚተላለፈው፣ ለቀቀ ሲሉት ተመልሶ የሚጥለው ትኩሳት ግርሻ ነበር። በዚያ ዓመት ረሃብ ወሎ መጠለያዎች ውስጥ ያጎረው ሕዝብ በዚሁ ትኩሳት እየረገፈ ነበርና የጣቢያው ውጤት በጉጉት ይጠበቅ ነበር።

መቶ አለቃ እፀገነት ስትደርስ የቀበሌው ሊቀ መንበር በሩ ላይ ጠበቃት።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። በሽታው ይዞት ሞተ። ሰፈሩ ሳይሸበር ቶሎ ይቀበር።»

«በሽታ ከሆነ ይቀበራል» አለችና አልፋው ገባች።

እፀገነት ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ስድስት ዓመት በጤና ረዳትነት የሠራች፣ ሰው ሲያወራ ከአፉ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ነበረች። መጀመሪያ ያየችው ጠረጴዛውን ነው። ማይክሮስኮፑ ላይ «ሲራጅ» ተብሎ በእርሳስ የተጻፈበት የደም ስላይድ አለ። አጠገቡ የግርሻው መድኃኒት የቴትራሳይክሊን ባዶ ብልቃጥና ስሪንጅ ተቀምጠዋል። ከነሱ ወዲያ ከንፈር ያልነካው ሙሉ ብርጭቆ ሻይ ቀዝቅዟል።

የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ኃይለየሱስ መነጽራቸውን ደጋግመው እየጠረጉ ቆመዋል።

«የላቦራቶሪ ባለሙያችን ነበር። ደሙን መርምሮ ግርሻው እንደያዘው ሲያውቅ ራሱን ወግቷል። መድኃኒቱ ጀርሙን ሲገድል ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ልብ ይደክማል። አንዳንዱ አይችለውም።»

«መንቀጥቀጡ ከመርፌው በኋላ በስንት ጊዜ ይመጣል?»

«በሰዓት፣ በሰዓት ተኩል።»

እፀገነት ሬሳውን ቀና አደረገችው። ከንፈሩና የዓይኑ ቆብ አብጠዋል፤ ደረቱ በሳማ እንደተለበለበ ሰው ተንደብድቧል። ቀጥላ የመርፌውን ምልክት ፈለገች። በቀኝ መቀመጫው ላይ አገኘችው። ስላይዱን በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

በሚቀጥለው ክፍል አንድ ወጣት በላብ ተዘፍቆ ተኝቷል። ነርሷ ሲስተር ሸዋረጋ፣ አምሳ ዓመት የሚሆናቸው ዝምተኛ ሴት፣ ብርድ ልብሱን ያስተካክላሉ።

«ከአዋሽ ጥጥ እርሻ የመጣ ነው። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ገባ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ተወጋ። አሁን ወደ ቤቱ እንሸኘዋለን።»

እፀገነት የልጁን እጅ ያዘች። የደም ሥሩ ምት እንደ ክር ቀጥኗል።

«ቤትህ የት ነው ወንድሜ?»

«እዚህ ቤት የለኝም፣ እህቴ።»

«እንግዲያው የትም አይሄድም። ዶክተር፣ እርስዎ ከአጠገቡ አይለዩ።»

መዝገብ ያዡ ወልደገብርኤል በመግቢያው ክፍል ነበር። መዝገቡን አገላብጣ አየችው። ከስድሳ በሽተኞች ስም ትይዩ ስድሳ ጊዜ «ድኖ ወጣ» ተብሏል።

«አንድም አልሞተም?»

«እኔ ሲስተር ያሉኝን ነው የምጽፈው። ቅማሉን ስለምፈራ መኝታ ክፍሉ አልገባም።»

«ዛሬ ማን ወጣ፣ ማን ገባ?»

«ዶክተር በሁለት ተኩል ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሄደው በስምንት ሰዓት ተመለሱ። እኛ ከዚህ አልተነቃነቅንም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲራጅ መርፌ ይፈራ ነበር። ልጅ ሆኖ ፔኒሲሊን ተወግቶ ከሞት አፍ ነው የተረፈው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ለወገቡ ሕመም ብቻ በየሳምንቱ የቫይታሚን መርፌ ይወስድ ነበር።»

«ማን ነው የሚወጋው?»

«ሲስተር። እሳቸው ከሌሉ ዶክተሩ።»

በማግስቱ እፀገነት የሟቹን ሚስት ረሂማን ሠራተኛ ሰፈር ለቅሶ ላይ አገኘቻት። ረሂማ ማልቀሱን ጨርሳ ደርቃ ተቀምጣለች።

«ሰሞኑን ጠባዩ ተለውጦ ነበር?»

«ለቅሶ አብዝቶ ነበር። ዝምድና የለን፣ ጉርብትና የለን፣ የማናውቃቸው ሰዎች ቤት ይሄዳል። ‹ማን ሞቶብህ ነው?› ስለው ‹እሱን ነው የማጣራው› ይለኛል።»

ከኮቱ ኪስ የወጣውን ወረቀት ሰጠቻት። አሥራ አንድ ስም ከነሰፈራቸው ተጽፏል። እፀገነት ወጣ ከማለቷ በፊት ሌላ ጥያቄ ጨመረች።

«ባለቤትሽ ቆላ ወርዶ ያውቃል?»

«ተወልዶ ካደገበት ከዚህ ከተማ ወጥቶ አያውቅም።»

የመጀመሪያው አድራሻ እሪ በከንቱ ነበር። ወይዘሮ ተሾመች የሚባሉ እናት ከበሩ ድንጋይ ላይ ሳይነሡ መለሱላት።

«ልጄን ከወጉት በኋላ ተንዘፈዘፈ፣ ከዚያ በላብ ታጠበ። ‹ቤቱ ይረፍ› ተባለና ሁለት ጎረምሶች ደግፈው አመጡት። ቁልቁለቱን ሳይጨርሱ በእጃቸው ላይ ሞተ።»

መዝገቡ ላይ ይህ ልጅ ድኖ ወጥቷል። የቀሩት አሥሩ ቤቶችም ይህንኑ ነገሯት።

ማታ ሊሆን ሲል ስድስት ኪሎ ወጣችና ስላይዱን ለአንድ ሽማግሌ የጥገኛ ተሕዋስያን መምህር፣ ለአቶ ሙደሲር፣ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ማይክሮስኮፕ ላይ ረጅም ጊዜ አጎንብሰው ቆዩ።

«ልጄ፣ ይህ ሰው ሁለት በሽታ አለበት። ግርሻውም አለ፣ ወባም አለ።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እፀገነት ሦስቱንም የጣቢያ ሠራተኞች ሲራጅ በሞተበት ክፍል ሰበሰበች። ረሂማም መጥታ በሩ አጠገብ ቆመች።

«ሲራጅ ራሱን አልወጋም» አለች እፀገነት። «የገዛ መቀመጫውን እንዲያ አስተካክሎ መውጋት አይችልም። መንቀጥቀጡም አልገደለውም። እሱ ሰዓት ይፈጃል፤ ይህ ሰው ሻዩን ፉት ሳይል ነው የሞተው። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ጉሮሮው አብጦ መዘጋቱን አረጋግጧል። ቫይታሚን ነው ብሎ ሰውነቱን ለሚያምነው እጅ ሰጠ፤ የተሰጠው ፔኒሲሊን ነበር። ብልቃጡ በኋላ በቴትራሳይክሊን ተለወጠ።»

ወልደገብርኤል ግንባሩን ጠረገ።

«አቶ ወልደገብርኤል፣ ሲራጅ ለእርስዎ ሱሪውን አይፈታም። ስለዚህ ሁለት ሰው ቀረ።»

ዶክተሩ ቀና አሉ። «በደሙ ውስጥ ጀርሙ ተገኝቷል እኮ!»

«የሱ ደም አይደለም። ወባ አለበት፤ ሲራጅ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወጥቶ አያውቅም። በዕለቱ ከቆላ የመጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ የአዋሹ ልጅ። ዶክተር፣ እርስዎ በጻፉት ጥናት ላይ ከተወጋ በኋላ ጀርሙ ከደም የሚጠፋው በስንት ጊዜ ነው?»

«በሁለት ሰዓት ውስጥ።»

«ልጁ ስድስት ሰዓት ላይ ተወጋ። እርስዎ የተመለሱት በስምንት ነው። በዚያን ሰዓት ከልጁ ደም ቢወስዱ ኖሮ ግርሻ አይገኝበትም። ስላይዱ ላይ ግን ሞልቷል። ሲራጅ ለምርመራ የወሰደው የልጁ ስላይድ በስሙ ሣጥኑ ውስጥ አለ፤ ይህ ሁለተኛ ነው። ስለዚህ ደሙ የተወሰደው ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ያኔ በሽተኛው አጠገብ የነበሩት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሞቷል።»

ሁሉም ወደ ሲስተር ሸዋረጋ ዞሩ። ነርሷ እጆቻቸውን ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ ደብቀው መሬት መሬት ያያሉ።

«የመጀመሪያው ልጅ እንዲሁ በእጄ ላይ ሊሞት ሆነ» አሉ በመጨረሻ። «ዶክተር ‹ይህ ጥናት ሞት አያውቅም› ብለው ለበላይ ጽፈው ነበር። በመድኃኒት ሰው ሞተ ቢባል ሻጥር ሠራሽ ይሉኛል። ወንድሜን በዚህች ቃል ነው የወሰዱት፤ አልተመለሰም። ቤቱ ይሙት ብዬ ላክሁት። አንዱን ስደብቅ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱን ስደብቅ አሥራ አንድ።»

«ሲራጅስ?» አለች ረሂማ። ድምፅዋ ከሹክሹክታ አይበልጥም።

«በማግስቱ ሚኒስቴር እሄዳለሁ አለኝ። ለመንሁት። ‹ሲስተር፣ ወሎ ያለው ሰው የእኔ ዘር ነው፤ አጥንቱ የወጣ ሰው ይህን መርፌ አይችልም› አለኝ። ከዚያ ለወገቡ እንድወጋው ጀርባውን ሰጠኝ።»

ረሂማ በሩን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ዶክተሩ ፊታቸው አመድ መስሏል። «መመሪያው ወጥቷል» አሉ። «በአንድ ጊዜ ከፍተኛ መጠን እንዲወጋ። ያን ዕለት ሚኒስቴር የሄድኩት እሱን ላስፈርም ነበር። መድኃኒቱን የጫነው መኪና ትናንት ወደ ደሴ ሄዷል።»

እፀገነት ወረቀት ገፋችላቸው። «ይጻፉ። ‹መርፌው ይቁም› ይበሉ። ፊርማዎን አይርሱ።»

ቴሌግራሙን ራሷ ይዛ ሄደች፤ መላኩን ሳታይም ከቴሌው መስኮት አልተነሣችም። የአዋሹ ልጅ በሳምንቱ በእግሩ ወጣ። ሲስተር ሸዋረጋ ባመኑበት ዕለት ታሰሩ፤ ዶክተሩም ለጥያቄ ተፈለጉ። የእፀገነት አለቃ ግን የፖሊስ መዝገቡ አንድ ሟች ብቻ እንዲኖረው አዘዙ። እሷ ከሲራጅ ስም ሥር አሥራ አንዱን በቀለም ጻፈች።

ቴሌግራሙ በተላከ በአራተኛው ቀን ከወሎ መልስ መጣ። «መርፌው ቆሟል። ከመቆሙ በፊት የተወጉ ሰባት ሰዎች ሞተዋል።»

እፀገነት ብዕሯን አነሣችና ከአሥራ አንዱ ስሞች ሥር ሰባት ባዶ ቁጥሮች ደረደረች። ከዚያም መልሳ ቴሌግራም አደረገች፤ «የሟቾቹን ስም ላኩልኝ።»

መልሱ ሳምንት ፈጅቶ ደረሰ፤ ሁለት ቃል ብቻ ነበር።

«ስም አልተመዘገበም።»