ለፍየሏ የተለመነው ልጣጭ

ይህ የምር የሆነ ነገር ነው።

ሌሊት ቢሆን ኖሮ ቅዠት ነው ብላችሁ ታልፉት ነበር... የሆነው ግን መርሳ ላይ፣ በጥቅምት 2014፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ ነው።

ያኔ ከተማዋ በታጣቂዎች እጅ ነበረች። መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ወፍጮ ቆሟል። እህል ያለውም ሰው ቆሎ ቆልቶ ነበር የሚያድረው።

አለሚቱ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ጓሮዋ ውስጥ፣ ከቆርቆሮው አጥር ስር፣ የኮምፖስት ጉድጓድ አላት። በደጉ ጊዜ ሰፈሩን ሰብስባ "ልጣጭ አትጣሉ፣ አፈሩ ይብላው!" እያለች ያስተማረችው እሷ ናት። ሲያመሰግኗት ደስ አይላት መሰላችሁ!

አሁን አልጋዋ ስር አንድ ጆንያ ድንች አለ። ይህን ማንም አያውቅም።

አንድ ቀን ጎረቤቷ መሪማ ከአጥሩ ወዲያ ተጣራች። ድምጿ ደክሟል።

"አለሚቱዬ... ልጣጭ ይኖርሻል?"

"ለምን ፈለግሽው?"

"ለፍየሏ።"

አለሚቱ ታውቃለች፤ ፍየሏ ከታረደች ሰነባብታለች። ታጣቂዎቹ እየጎተቱ ሲወስዷት በአጥሩ ቀዳዳ አይታለች። መሪማ ደግሞ ትንሽ ልጅ አለቻት... ልጣጩ ለማን እንደሆነ ገባት።

"የሚላጥ ነገር ከየት አምጥቼ፣ እህቴ?" አለች በሹክሹክታ።

"አብሽሪ። ለሁላችንም አላህ ያምጣ።"

የአለሚቱ ፊት እሳት ሆነ። አፈረች። ቢሆንም በሯን ዘግታ ድንቿን ቀቀለች፣ ላጠች፣ በላች። ልጣጩን ጉድጓዱ ውስጥ ቀበረችው። የብር ቀለበት ባለበት እጇ አመድ ነሰነሰችበት፣ ፍግ ደረበችበት።

በማግስቱ ቀትር ላይ... ልጣጩ ከላይ ተቀምጧል።

ንጹሕ ነው። አመድ የሚባል አልነካውም።

ዶሮ ጭሮት ይሆናል እንዳትል፣ በሰፈሩ ዶሮ የተረፈው ሰው የለም። ፍጉም እንደተደለደለ ነው። ደግሞ ብዛቱ... እሷ ከላጠችው በጣም ይበልጣል።

ሮጣ ገብታ ከአልጋው ስር አጎነበሰች። ጆንያው ከትናንቱ አልጎደለም።

ተመልሳ ጠለቅ አድርጋ ቀበረችው።

በማግስቱም ወጣ። ይህኛው እንፋሎቱ ይተናል... ገና አሁን ከድስት የወጣ ነው።

አለሚቱ፣ መሪማ አይታኛለች፣ ይህን የምታደርገው ልታጋልጠኝ ነው ብላ አሰበች። ሰፈሩ ቢሰማ ምን ይላል? ራርታ እንዳይመስላችሁ... አፏን ላዘጋት ብላ ነው ጥቂት ድንች በሳህን ይዛ፣ ቤቷን ቆልፋ የሄደችው።

መሪማ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ስታያት ልትነሳ ሞከረች።

"ደግሞ ጨመርሽልን? ኧረ የሰጠሽን ይበቃናል!"

"ምን... ምን ሰጠኋችሁ?"

"በአጥሩ ላይ የምታቀብይንን ነዋ። ተቀቅሎ፣ ተልጦ። ሳመሰግንሽ ግን አንድም ቀን አትመልሺልኝም።" እንባዋ መጣ። "በአንቺ እጅ ነው የተረፍነው። አላህ ጀነት ይወፍቅሽ።"

አለሚቱ እኔ አይደለሁም ልትል ፈለገች... ግን ያልሠራችበትን ምስጋና ቆማ ተቀበለች።

ቆርቆሮው ኳ... አለ።

"እትዬ አለሚቱ መጣች!" ብላ ትንሿ ልጅ ከቤት ወጥታ ወደ አጥሩ ሮጠች።

አለሚቱ ቀስ ብላ ዞረች።

ከእሷው ጓሮ በኩል፣ ከአጥሩ በላይ፣ አንድ እጅ ወጥቷል። እስከ ክርኑ ጥቁር አፈር ለብሷል። ጣቱ ላይ የእሷው የብር ቀለበት አለ። መዳፉ ላይ ከተላጠ ድንች እንፋሎት ይተናል...

ልጅቷ ተንጠራርታ ተቀበለችው። ከዚያ እጁን ሳመችው።

መሪማ አንዴ አጥሩን፣ አንዴ አለሚቱን አየች።

አለሚቱ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። ያው ቀለበት ያለበትን የራሷን እጅ ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው።