የስእለት ቁንጮ

«ቆቡ የልጅ ምላስ ይበላል። እኔ አልልም፤ የድብ ባሕር ሰው በሙሉ ነው የሚለው» አለ የጥናቱ ሾፌር አያ ማንያዘዋል፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

«እርስዎ ካላሉት፣ ምነው ከእርስዎ አፍ ብቻ ሰማሁት?» አለችው ኢንስፔክተር የትነበርሽ፣ ከሬሳው ቀና ሳትል።

ሟቹ ዶክተር ሀብተሥላሴ የሕፃናትን አእምሮ የሚያጠና ሰው ነበር። ሽቦ የተሰካበት ቆብ ልጆች ላይ እያጠለቀ፣ ስማቸው ሲጠራ አእምሯቸው እንዴት እንደሚነቃ በኮምፒውተር ያነብ ነበር። ዛሬ ጠዋት ከጥናት ክፍሉ ጓሮ ካለው ገደል ሥር ተገኘ። ጉም ነበርና «አዳልጦት ነው» ተባለ።

የትነበርሽ ግን በጣቶቹ መካከል የደረቀ ቅባት መሳይ ነገር አየች።

«ለቆቡ የምንቀባው ቅባት ነው» አለች ረዳቱ ፍሬሰላም። «ግን ዛሬ ገበያ ስለሆነ ልጅ አልቀጠርንም። እኔም ባትሪ ላስሞላ ደባርቅ ነበርኩ።»

«ትናንት ተጣልታችኋል አሉ።»

«አዎ። በአንድ ምርመራ ብቻ ለእናት ‹ልጅሽ ስሙን አያውቅም› አይባልም ብዬው።»

«ለትርንጎ ነዋ!» አለ ማንያዘዋል። «ልጇ እስኪናገር ቁንጮውን አላስነካም ብላ ለሩፋኤል የተሳለችው!»

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ቆቦች ተሰቅለዋል። ሰማያዊውና ቢጫው ታጥበዋል፤ የቀዩ ቀዳዳዎች ግን በቅባት ተደፍነዋል።

«ቀዩ የማን ነው?»

«ለትንሽ ራስ የተሠራ ነው። ከዐሥሩ ልጆች ለትርንጎ ልጅ ብቻ ነው የሚሆነው።» ፍሬሰላም ኮምፒውተሩን አነሳች። «ባትሪው አልቆ ጠፍቷል፤ ባስሞላሁት ልክፈተው?»

«ይቆይ። የሚናገረው ሰው ነው እንጂ ዕቃ አይደለም» አለች የትነበርሽ። በሥራዋ የምትኮራ ሴት ነበረች።

የትርንጎ ልጅ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የጣሳ ክዳን ያሽከረክራል። አምስት ዓመቱ ነው። ራሱ ዙሪያውን በፀሐይ ጠቁሯል፤ መሐል አናቱ ላይ ግን ክብ ነጭ ቆዳ ይታያል።

«ቁንጮውን ምነው ላጨሽው?» አለቻት የትነበርሽ ትርንጎን።

«ቅማል ፈልቶበት ነው፣ እታለም።»

«ሸጋ ልጅ። መናገር ጀመረ እንዴ?»

«አልጀመረም። ቢጠሩትም አይዞር።»

የትነበርሽ ሌላ አልጠየቀችም። ትርንጎን፣ ፍሬሰላምንና ማንያዘዋልን ጥናት ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ዶክተሩ ዛሬ አንድ ልጅ መርምሯል፤ ቅባቱ ጣቱ ላይ ነው። ቆቡ ቀይ ነው፤ ስለዚህ ልጁ የትርንጎ ነው። እነዚህ ሰዎች ቆብ ሳያጥቡ አይሰቅሉም፤ ቀዩን የሰቀለው ግን ማጠቡን የማያውቅ እጅ ነው። ፍሬሰላም ታውቃለች። አያ ማንያዘዋልም ቆብ ሲታጠብ ውሃ የሚቀዱ ናቸው።» ወደ ትርንጎ ዞረች። «ልጁ ሳይናገር ስእለቱን ያፈረስሽው ለቅማል አይደለም። ቅባቱ ቁንጮው ላይ ደርቆ አልለቅ ብሎሽ ነው።»

ትርንጎ አልካደችም።

«ከገበያ ስመለስ ልጄ ደጄ የለም። በጓሮ ብመጣ በመስኮቱ አየሁት፤ ያን ቆብ አጥልቆለታል፣ ሳይጠይቀኝ! ምላሱን የበላው አንሶ ዳግመኛ! ዶክተሩ ሲያየኝ ወጥቶ እየሳቀ ወደ እኔ ሮጠ። የሚስቅብኝ መሰለኝ። ገፋሁት… ገደሉ ከጎኑ ነበር። ከዚያ ቆቡን ከልጄ ራስ አውልቄ ሰቀልኩና ይዤው ሄድኩ።»

ማንያዘዋል መሬት መሬቱን አየ። «እኔ እንኳ… ሰው ሲል ሰምቼ ነው» አለ።

ካቴናው ትርንጎ እጅ ላይ ከገባ በኋላ ፍሬሰላም ኮምፒውተሩን ከፈተች። በልጁ መዝገብ ሁለት ምርመራ አለ። በመጀመሪያው ‹ወልደኢየሱስ› ተብሎ ሲጠራ የአእምሮው መስመር ዝም ብሏል።

«ይህን ስም ማን ሰጣችሁ?» አለች የትነበርሽ።

«እኔ» አለች ትርንጎ። «የክርስትና ስሙ ነው። ሦስት ቀብሬ ያገኘሁት ስለሆነ፣ ሞት እንዲንቀው ቤት ውስጥ ጣለው ነው የምንለው። በዶክተር ፊት እንዲህ ያለ ስም እንዴት ልጥራ? አፈርኩ።»

ሁለተኛው የዛሬ ጠዋት ነው። ፍሬሰላም ነካችው፤ ዶክተሩ ከቤቷ አጥር ውጭ ሆኖ በስልኩ የቀዳው የትርንጎ ድምፅ ወጣ፦ «ጣለው! ና ልጄ!» መስመሩ ብድግ አለ። በጠራችው ቁጥር ብድግ ይላል።

ከሥሩ ዶክተሩ በችኮላ ጽፏል፦

«ስሙን ያውቃል። የእናቱንም ድምፅ ያውቃል። ተሳስቼ ነበር። ይኸው በጓሮ መጣች፤ ሮጬ ልንገራት።»